የእትዬ ሲስተር መሳቢያ፦ ጡረታ ስለወጡ ነርሶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለየክፍለ ከተማውና ለየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ለሚሰበሰብ እድር ሁሉ

ጉዳዩ፦ ጡረታ የወጡ ነርሶች በበጎ ፈቃድ እንዲመዘገቡ ስለ መጠየቅ

ክቡራን፣

ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ይህንንም ባልጻፍኩት ነበር። ግን ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የውጭ በራችን ተንኳኳ። ውሻው ጮኸ። ከፍቼ ሳይ የጎረቤት ልጅ ነው፤ አባት ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏል።

«እትዬ ሲስተር ተኝተዋል?»

እትዬ ሲስተር እናቴ ናት። 75 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ ከአልጋ የምትወርደው ግድግዳ ይዛ ነው። ያን ሌሊት ግን መብራቱን ሳበራ ሳሎን ቆማ አገኘኋት። ሕፃኑን ሶፋው ላይ አስተኛችው። ጓንት አልነበረም፤ እጇን በሳሙና ታጥባ መጣች። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ ቆየ፤ የተመለሰው ቀስ ብሎ ነው። ዓይኖቹ ገብተዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስቀምጠው?»

«ከትናንት ጠዋት።»

«ሽንቱስ?»

ልጁ ዝም አለ።

ከቡፌው መሳቢያ አንድ እሽግ ሕይወት አድን አወጣች። ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ቤታችን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ሊትር ለካች፣ በጠበጠች፣ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግለት ጀመር። ሲያስመልሰው ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። እኔን «ራይድ ጥሪ» አለችኝ። አባትየውን ደግሞ «ይንጋ እንዳትለኝ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለህ። መንገድ ላይም ማንኪያው እንዳይቋረጥ» አለችው። ሕፃኑ ዳነ። ዛሬ ድክ ድክ እያለ ድመታችንን ያሳድዳል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን በማግስቱ ያየሁት ነው። መሳቢያውን ስታስተካክል ቆሜ አየኋት። አንድ የቀረ ሕይወት አድን። ግማሽ የደረሰ ጎዝ። ጫፉ የተሰነጠቀ ቴርሞሜትር። ከጡረታዋ ቆጥባ የገዛችው የደም ግፊት መለኪያ። 40 ዓመት ያገለገለች ነርስ ንብረት ይኸው ነው። እናንተ አታውቁትም። ሰፈሩ ግን ያውቀዋል፤ በሌሊት የሚያንኳኳው ለዚያ ነው።

ስለ እሷ ትንሽ ልንገራችሁ። ስሟን አልጽፍም፤ አትጻፊ ብላኛለች።

በ1943 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደች። ትምህርቷን ስትጨርስ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ገባች። ያ ኮሌጅ በ1947 ሲከፈት ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ብዙም አልቆየም። ሐኪም እስኪበዛ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም ተባለ። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ባለሙያ እያሠለጠኑ በቡድን ወደ ገጠር መላክ ተጀመረ፦ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ። እናቴ መካከለኛዋ ናት። በ1963 ተመርቃ ጎጃም ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተላከች። 20 ዓመቷ ነበር። «ነርስነቱን ጎንደር ተማርኩት፤ በቅሎ መቀመጡን ግን ማንም አላስተማረኝም» ትላለች።

የፈንጣጣ ማጥፊያው ዘመቻ አገራችን ውስጥ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ጫፏ ሁለት ጥርስ ያላት ቀጭን መርፌ ነበረች። ክትባቱ ውስጥ ነክረው ክንድ ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። «መውጋቱ ምንም አይደል፣ መቁጠሩ ነው ጣጣው» ትላለች እናቴ። «ልጁ ሲጮህ ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ ይጠፋኛል።» የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1968 ላይ ነው። ዛሬ ልጆቼ ቃሉን እንኳ አያውቁትም። እሷ ግን ቀኝ አውራ ጣቷን እያሸች «ይቺ ጣት ታውቀዋለች» ትላለች።

ከዚያ ዘመን የምትወደው ታሪክ ግን የእንጥል ቆራጩ ነው። በዚያ አካባቢ ሕፃን ሳል ከያዘው እንጥሉ ይቆረጣል። ብዙ ልጅ ደሙ እየፈሰሰ ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣል፤ የማይመጣው ደግሞ ይበዛል። ሌላ ሰው ቢሆን ለፖሊስ ይናገር ነበር። እሷ ሰውየውን ቡና ጠራችው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሦስተኛው ቡና ላይ ነው ስለ ምላጩ የጠየቀችው። ሰውየው መቁረጡን አላቆመም። ግን ምላጩን መቀቀል ጀመረ፤ ደም የማይቆምለትንም ልጅ ራሱ ተሸክሞ ያመጣላት ነበር። እናቴ ይህን እንደ ድል ትቆጥረዋለች። እኔ አልቆጥረውም። እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። አስተማሪ አገባች፤ አራት ልጅ ወለደች። እኔ ሁለተኛዋ ነኝ።

የነርስ ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የነርስ ልጅ ብቻ ነው። የገና ዕለት ዶሮ ወጡ ምድጃ ላይ እያለ ተረኛ ናት። ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲኖር የምትመጣው አያታችን ናት። ሌሊት አድራ ስትመጣ ነጭ ጋውኗ ስፒሪት ስፒሪት ይሸታል፤ እኔ ያ ሽታ የእናት ሽታ ይመስለኝ ነበር። በ1977 ድርቁ ሲመጣ በፈቃደኝነት ወሎ ሄደች። 6 ዓመቴ ነበር። ሦስት ወር ቆየች። ማታ ማታ በር ላይ ቁጭ ብዬ «የኛ እናት ናት ወይስ የነሱ?» እያልኩ አያቴን እነዘንዛት ነበር። አባቴ መልስ አልነበረውም፤ ራሱም ተቀይሞ ነበር መሰለኝ።

ስትመለስ ከስታለች። ከሻንጣዋ ውስጥ አንድ ባለቀለም ጥብጣብ አገኘሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቆንጆ ነበር። የአሻንጉሊቴን ክንድ ጠቀለልኩበት። እናቴ ገብታ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ ጥብጣቡን ቀስ ብላ ፈታችው፣ አጣጥፋ ቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። የሕፃናት ክንድ እየለኩ ማን ቶሎ መብላት እንዳለበት የሚለዩበት መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ክንዱ ቀዩ ላይ የወደቀ ልጅ ይቀድማል። የአሻንጉሊቴ ክንድ ቀዩ ላይ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ያ በሽታ መጣ። ያን ጊዜ ስሙን አንጠራም ነበር፤ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። ከግቢያችን ጀርባ በአንዲት ክፍል ቤት የምትኖር ሴት ታመመች። ባሏ ሞቶ ነበር። ቤት አከራዩ ውኃ መቅጃ ቧንቧውን ከለከላት። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ እዚያ ትሄዳለች። ታጥባታለች፣ አንሶላዋን ትቀይራለች፣ ሾርባ ታጠጣታለች። ጓደኞቼ ቤታችን መምጣት ተዉ። ከእኛ ቤት ሞሰብ እንጀራ መቁረስ የፈሩ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔም አፍሬ ነበር፤ ልደብቀው አልችልም። አንድ ቀን «ለምን አንቺ ብቻ?» ብዬ ጮህኩባት። «ሌላ ሰው ካገኘሽ ንገሪኝና ልረፍ» አለችኝ።

በ1997 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሴትየዋን ደግፋ ወስዳ ያስመዘገበቻት እሷው ናት። ያቺ ሴት ዛሬ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናት። ሒሳብ ላይ ቀልድ የለባትም።

ከዚያ በ2003 ጡረታ ወጣች። 60 ሞላት። ኬክ ተቆረሰ። ምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሰጧት። ሰዓቱ አሁንም ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጡረታ ወጣች ማለት ሥራ አቆመች ማለት አልነበረም። ሥራው ተከትሏት ቤት መጣ፤ ያለ ጓንት፣ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ፈቃድ። ሰው መርፌውን ከፋርማሲ ገዝቶ፣ የሐኪም ማዘዣውን ይዞ ይመጣል። «ክሊኒክ ስወጋ ያስከፍሉኛል፤ እትዬ ሲስተር እባክዎ» ይላል። እሷም እምቢ ማለት አትችልበትም። 2006 ላይ ግን አንድ ጎረቤታችን ፔኒሲሊን ተወግቶ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ፊቱ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት ቤታችን ውስጥ የለም። ከየት ይመጣል? በሰው ትከሻ ተሸክመን አስፋልት አወጣነው፤ ታክሲ አስቁመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ተረፈ። እናቴ ግን ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ መርፌ ወግታ አታውቅም። የሚለምኗትን «በሕግም በእግዜርም አይፈቀድልኝም» ብላ ትመልሳለች።

ይህን የማነሳው ጥፋቷን ላወጣ ብዬ አይደለም። ራሷ ናት ጻፊው ያለችኝ። የሰለጠነ እጅ ያለ ዕቃና ያለ ቁጥጥር ቤት ከተቀመጠ ሰው እጁን ፍለጋ ይመጣል። እጁ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። አደጋው ያለው እዚያ መካከል ነው።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላ በአግባቡ ላገልግል ብላ ሄደች። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ ሌላ ጋ ብትሄድም የሚለይ አይመስለኝም። በሳምንት ሁለት ቀን በነፃ ልሥራ አለች። አንደኛው ቢሮ ከወረዳ ደብዳቤ አምጪ አላት። አመጣች። ሁለተኛው ቢሮ «መዋቅሩ ላይ የበጎ ፈቃድ ነርስ የሚባል የለም» አላት። ሦስተኛው ቢሮ የሙያ ፈቃዷን ጠየቃት፤ ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ያስፈልጋል። ሥልጠናው ደግሞ በሥራ ላይ ላሉት ነው ተባለች። አንዱ ወጣት ኃላፊ በቅንነት «እማማ፣ አሁንማ ቤትዎ ቁጭ ብለው ጸሎት ያድርጉልን» አላት። ደረጃውን ወርዳ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው አስቆማት። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሲስተር፣ ራሴን ያዞረኛል፤ ግፊቴን ይለኩኛል?»

እውነቱን ለመናገር የፈቃዱ ጥያቄ ልክ ነው። ሕክምና ተቀይሯል። እሷ በተማረችበት ጊዜ የመስታወት ሲሪንጅ ቀቅለው ደግመው ይጠቀሙ ነበር። እኔም ብሆን ሳትታደስ ትሥራ አልልም። የምለው መታደሻ በር ይኑር ነው።

ከባድ ነገር አይደለም። ታናሽ እህቴ እንግሊዝ አገር ነርስ ናት። በኮቪድ ጊዜ እዚያ ፈቃዳቸው ያለፈባቸውንና ጡረታ የወጡትን ነርሶች በጊዜያዊ መዝገብ መልሰው አስገቧቸው። እኛም አገር መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ብዙም ሳይቆይ ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያዎች ጭምር እንዲዘጋጁ ጥሪ ተላልፎ ነበር። እናቴ ሰምታ ጋውኗን ተኮሰች። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። የደወለ የለም። ዕድሜዋን ሳስበው ባለመደወላችሁ እግዜር ይስጣችሁ ማለት አለብኝ። ግን ስልኳን ከቁም ነገር ቆጥሮ የጻፈው ሰውስ አለ?

እህቴን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ነርስ እየተባለች የምትጠራው ልዕልት ፀሐይም በስደቱ ዘመን የተማረችው ለንደን ነው። የንጉሥ ልጅ ሆና የሕፃናት ነርስ ሆነች። አገሯ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ በ1934 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። በስሟ ሆስፒታል ተሠርቶላት ነበር፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። በነርስ ስም የሚጠራ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል እኔ አላውቅም፤ ያችም አንዷ ስሟ ተቀየረ። ለእናቴ ሆስፒታል ሰይሙላት አልላችሁም። አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ይበቃታል።

ወንበሩንና ጠረጴዛውን ለጊዜው እድሩ ሰጥቷታል። አመጣጡ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከአባላቱ አንዱ፣ ገና 50 ያልሞላው ሰው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ግፊት እንዳለበት አያውቅም ነበር። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ እናቴ ተነሥታ ቆመች። «እድር ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚደርሰው። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ ልድረስ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዳኛው ሳቅ ብሎ «ይሁን» አለ።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ መዋጮ የሚከፍል ሁሉ መጀመሪያ ክንዱን ያስለካል። ሕግ ሆኗል። ክንዱን ያላስለካ ብሩን ገንዘብ ያዥዋ አትቀበለውም፤ ያልከፈለ ደግሞ ይቀጣል። አንድ ኃይለኛ ጡረተኛ መቶ አለቃ ሦስት ወር ሙሉ ቅጣቱን እየከፈለ እምቢ አለ። በአራተኛው ወር እጅጌውን ሰበሰበ። 190 በ110። ሰውየው ቁጥሩን ሲሰማ «ይኼ የኔ ነው ወይስ የመኪና ሰሌዳ?» አለ። ዛሬ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ጨው የሚያበዙ ሰዎችንም ይቆጣል።

መዝገቡን ብታዩት ደስ ይላችኋል። የእድሩ ያው የድሮ ወፍራም ደብተር ነው። በአንዱ ዓምድ መዋጮ፣ በሌላው ግፊት። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አለ። ቀይ ነጥብ ያለበትን ሰው እናቴ በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች፤ ጤና ጣቢያ መሄዱን ሳታረጋግጥ አትመለስም። የወረዳችን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም መዝገቡን መጥታ ትገለብጣለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ለብቻዋ የምታዳርሰው ቤት ብዙ ነው፤ ሲደክማት እኛ ሳሎን ትቀመጥና ሁለቱ ሻይ ይዘው የሙያ ወሬ ያወራሉ። አንዷ ስለ አዲሱ መመሪያ ትነግራታለች። ሌላዋ በር የማይከፍት ቤት እንዴት እንደሚገባ ታስተምራታለች።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በየወረዳው ጡረታ የወጡና ፈቃደኛ የሆኑ ነርሶች ይመዝገቡ። የጥቂት ቀን ማደሻ ሥልጠና ይሰጣቸው። የሚፈቀድላቸውና የማይፈቀድላቸው በወረቀት ይጻፍ፤ መርፌ አይፈቀድም ከተባለም ይጻፍ፣ እናቴ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ናት። ግፊትና ስኳር መለካት፣ አራስ መጎብኘት፣ መድኃኒት ያቋረጠ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ መፈለግ፣ ሕፃን ሲያስቀምጠው ሕይወት አድን በጥብጦ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይበቃል። ለዚህ የሚሆን ጓንት፣ ሕይወት አድንና አንድ ደህና መለኪያ ከጤና ጣቢያው በፊርማ ይውሰዱ። አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያም ይኑራቸው። ጥበቃው በር ላይ እንዳያስቆማቸው ብዬ ነው። ደመወዝ አልጠየቅንም።

ለእድሮችም አንድ ነገር ልበል። ሰፈራችሁ ውስጥ ሲስተር የምትባል አሮጊት አትጠፋም። መሳቢያዋን ክፈቱና እዩ። የጎደለውን ሙሉላት። የድንኳንና የወንበር ገንዘብ ካላችሁ የጓንትም አይጠፋም።

ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ነው። በየዓመቱ አበባ ይታደላል፤ ንግግር ይደረጋል። ዘንድሮ ከአበባው ይልቅ የመመዝገቢያ ቅጽ ቢታደል ብዬ ነው አሁን የጻፍኩላችሁ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ አዳመጠች። የወሎው ጋ ስደርስ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስጨርስ «ረዘመ» አለች። ቀጥላም «ለካ ያን ጥብጣብ አልረሳሽውም» አለችኝ። ሌላ አስተያየት አልሰጠችም።

መጥታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እድራችን ደጅ ከገንዘብ ያዥዋ ጎን ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። እንግዳ ነኝ ማለት አይሠራም፤ ክንድ ታስለካላችሁ። ብቻ ከመምጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና እንዳትጠጡ። ልኬቱን ያሳስትባታል።

ከሰላምታ ጋር፣

የአንዲት ነርስ ልጅ
አዲስ አበባ